ካርዱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ

በነሐሴ ወር መገባደጃ፣ የዳሞታ ተራራ ጉም ተከናንቦ በዋለበት፣ ሶዶ ከተማም ከሌሊት ጀምሮ ባላባራ ካፊያ በራሰችበት በአንድ ማለዳ፣ በከተማዋ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት፣ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ስለ እናታቸው ዕድሜ ሲከራከሩ ቆሜ አዳመጥሁ። ወንድምየው፣ ገበሬ መሆኑን ጭቃ የለበሰው ቦት ጫማው የሚመሰክርለት ጎልማሳ፣ ጸሓፊውን «ስድሳ ብለህ ጻፍ» ይለዋል፤ እኅቱ ደግሞ «እኔ ታናሽህ አርባ ስምንት ሞልቶኝ፣ አንተን በስንት ዓመታቸው ወልደውህ ነው?» ብላ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ታፍናለች፤ እርሷ ሰባ አምስት ናቸው ባይ ነበረች። ጸሓፊው ከኋላ የተሰለፈውን ሰው በዓይኑ ለክቶ፣ ሙግቱ እስኪፈታ የሚጠብቅበት ጊዜ እንደሌለው ስለ ገባው፣ በካርዱ ላይ «70» ብሎ ጻፈና «ቀጥሎ!» አለ። ባለዕድሜዋ እናት በነገሩ አልገቡም፤ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ቀኝ እጃቸውንም ከነጠላው ሥር በግራ ጡታቸው ላይ አሳርፈው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሉ ነበር።

ያን ዕለትና ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ፣ ባሰላሰልሁት ቁጥር፣ ወደዚያች ግምታዊት ቁጥር ይመልሰኛል። በአገራችን ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በመንግሥት መዝገብ በወጥነት መጻፍ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና፣ ዛሬ በወላይታ ቀበሌዎች የሚኖሩት አረጋውያት የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁት በወረቀት ሳይሆን በዘመን ምልክት ነው፤ አንዷ በጣሊያን ጊዜ፣ ሌላዋ በድርቁ ዓመት፣ ሌላዋም ደርግ ሲገባ ልጃገረድ እንደ ነበረች ትናገራለች። እንዲህ ከሆነ ዘንድ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት በጥድፊያ የተጻፈ ቁጥር ከግምት አያልፍም፤ ነገር ግን ያው ግምት ካርዱን ተከትሎ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ቀስ በቀስ የእውነት መልክ ይይዝና፣ የታማሚዋ ገላ ገና ሳይመረመር፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ ይነካቸዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በሐኪሙም በቤተሰቡም አፍ ላይ ያኖራል። የጡት ነቀርሳ በያዛቸው አረጋውያት ላይ ከሕማሙ ቀድሞ የሚፈርድባቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ነው፤ እኔም ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እርሱ ነው።

ነቀርሳ የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። አባቶቻችን ዛሬ ቲቢ የምንለውን ተላላፊ በሽታ የሳንባ ነቀርሳ ይሉት ስለ ነበር፣ «የጡት ነቀርሳ» የሚለውን ስም የሰማ የገጠር ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያያቸውና የታማሚዋን ጽዋና ሳሕን ለብቻ ቢለይ፣ የልጅ ልጆቿንም ከጉያዋ ቢያርቅ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የቋንቋችን ነው። ካንሰር የሚለው የባዕድ ቃል ከገባ ወዲህ ይህ መደናገር ቢቀንስም፣ ቃሉ የሞት ፍርድ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ልጆች በእናታቸው ፊት እንዳይነገር ሐኪሙን በዓይን ጥቅሻ ይማጸኑታል። ከካርድ ክፍሉ ወደ መርመሪያው ክፍል ስንገባ ያ ገበሬ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

እኔም አስፈቅጄ ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ወላይትኛ የሚያውቀው «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ለመስጠት ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ልጅቱ አስተርጓሚ ሆነች። ካርዱን አነበበ፤ አሮጊቷን ቀና ብሎ ተመለከተ፤ ወዲያውም ካርዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እማማ፣ ውኃ ማን ይቀዳልዎታል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ማን ይቀዳልኛል? እኔው ነኝ እንጂ፤ ምንጩ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ሃያ ሊትሯን ጀሪካን አዝዬ አቀበቱን ስወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፋለሁ» አሉ። ገበያ በእግራቸው ይሄዱ እንደሆነ፣ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ፣ ወድቀው ያውቁ እንደሆነ፣ እህል ይበላላቸው እንደሆነ፣ ልብሳቸው ካለፈው ዓመት ይልቅ ሰፍቷቸው እንደሆነ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም በተራ ይጠሩ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ አብሯቸው የሚያድር ማን እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። በመጨረሻም «ዕድሜዎት ስንት ነው?» ሲላቸው፣ «ዋዱ ሲመጣ ይህ ልጄ በጀርባዬ ነበር» ብለው ወደ በኩራቸው አመለከቱ።

ዋዱ የተባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ነውና፣ ሐኪሙ በጣቱ ቆጥሮ ልጅቱ እንደረታች ተናገረ፤ ሴትዮዋ ወደ ሰባ አምስት ይጠጋሉ። ወንድምየው ዕድሜያቸውን ዝቅ ያደረገበትን ምክንያት ያን ጊዜ ተናዘዘ፦ «አሮጊት ናት ብላችሁ እንዳትመልሷት ፈርቼ ነው።»

በሀብታሞቹ አገሮች ያሉ የአረጋውያን ነቀርሳ ጠበብት ይህን የመሰለውን ምርመራ ረዥም ስም ሰጥተው፣ ቅጽ አዘጋጅተውለት፣ ከኬሞቴራፒና ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲሞላ ያዝዛሉ፤ ፍሬ ነገሩ ግን በጀሪካኗ ጥያቄ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። ሁለት ሴቶች በአንድ ዓመት ተወልደው፣ አንዷ አቀበት ስትወጣ ሌላዋ ከአልጋዋ በሰው ድጋፍ ትነሣለች፤ አንዷ የሚቀራት ዘመን ዐሥራ አምስት፣ የሌላዋ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም የሚመዘነው በዚህ በቀሪው ዘመን እንጂ ባለፈው አይደለም። ዳዊት ሲደገም ያደገ ሰው ሁሉ የሰውን ዕድሜ በሰባ፣ ቢበረታም በሰማንያ ማብቃት ስለ ለመደ፣ ሰባን ያለፈች እናት ከእንግዲህ የምትኖረው በምርቃት እንደሆነ ያስባል፤ ይህ በጸሎት ቤት መልካም ትሕትና ቢሆንም በሐኪም ክፍል ግን አሳሳች ሒሳብ ነው።

ነጠላው ሲገለጥ፣ ከሥሩ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ታጥፎ እንደ ፋሻ ተደርጎ ነበር። ጡቱ ላይ ሎሚ የምታህል ድድር ነገር ትታያለች፤ በላይዋ ያለው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ በአንድ በኩልም ሊፈነዳ የተቃረበ ቀይ ስፍራ ነበረ። ሐኪሙ በሜትር ለካት፤ ብብታቸውን ዳስሶም ሁለት ንፍፊት አገኘ። መቼ እንዳገኙት ሲጠይቃቸው፣ አምና ከጊፋታ በዓል በፊት እንሰት ሲፍቁ ደረታቸው ከጣውላው ሲነካ እንደ ተሰማቸው፣ «አያምም ነበርና ተውሁት» ብለው መለሱ። አያምም ነበር! ይህች ቃል ምን ያህል ሴቶችን እንደ ቀበረች ማን ቆጠራት? ቁስልና ትኩሳት ያስጮኻሉ፤ ይህ ግን ሲጀምር ድምፅ የለውምና፣ ሕመም የሌለበትን ነገር ወደ ሐኪም ይዞ መሄድ፣ ልጅን ከሥራ፣ ብርን ከመቀነት ማውጣት፣ ለአንዲት ገበሬ እናት እንደ ቅብጠት ይቆጠርባታል።

ለልጆቻቸው ያልነገሩት ግን ስላላመማቸው ብቻ አልነበረም፤ አፍረውም ነው። በዚህ ረገድ ከንግሥት አይለዩም። የታሪክ አባት የሚባለው ሄሮዶቱስ፣ የቂሮስ ልጅና የዳርዮስ ሚስት የነበረችው አቶሳ በጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት፣ ትንሽ ሳለ ከኀፍረት የተነሣ ለማንም ሳትገልጽ እንደ ሸሸገችው፣ ፈንድቶ ሲዛመት ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ጽርዓዊ ባለመድኃኒት አስጠርታ ፈውስን እንደ ለመነችው ጽፏል። የአቶሳ እባጭ በእርግጥ ነቀርሳ መሆኑን አለመሆኑን ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ ክርክር የሌለበት ነገር ግን ሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የሱሳ ቤተ መንግሥትና የወላይታ ጎጆ በአንድ ኀፍረት መገናኘታቸው ነው። የእኛይቱ እናት በቤታቸው የቃለ ሕይወት ምእመናን መጥተው ሲጸልዩላቸው እንኳ፣ የሚጸለይላቸው ስለ ራስ ምታት ነበረ።

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ነቀርሳዎች ሁሉ የጡቱ ቀዳሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ዓለም ዐቀፍ ግምት መሠረት በዓመቱ ከ16 ሺሕ በላይ ሴቶች በአዲስ ተይዘው፣ ወደ 9 ሺሕ የሚሆኑት ሞተዋል። ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ሴቶች በአገራችን የተጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል ስለ ወጣቶችና ስለ ጎልማሶች ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት፣ የታማሚዎቹን መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት አግኝቶታል፤ በአሜሪካ ይኸው ቁጥር ከስድሳ በላይ ነው። ይህን ያነበበ ሰው በሽታው በአፍሪካ ምድር ወጣቶችን መርጦ የሚያጠቃ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን በዋናው የሕዝባችን ወጣትነት ነው፤ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ከመቶ አራት እንኳ በማይሞላበት አገር ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች መሆናቸው የሒሳብ ግዴታ ነው። የእያንዳንዷ ሴት አደጋ ግን ዕድሜዋ ሲጨምር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከዚህም በላይ፣ መዝገብ የሚጽፈው ሆስፒታል ደጃፍ የደረሰችውን ብቻ መሆኑን አንርሳ፤ «አርጅታ ሞተች» ተብላ የተቀበረችውን የሚቆጥራት የለም። በጥቅምት ወር በየጤና ተቋሙ የሚለጠፈው ሮዝ ሥዕል ላይ የተጨማደደ ፊት አይቼ አላውቅም።

ናሙናው በሁለት መልክ ተወሰደ። በቀጭን መርፌ የተቀዳው ሕዋስ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ነቀርሳ መሆኑ በሳምንቱ ታወቀ፤ በወፍራሙ መርፌ የተቆረጠችው የሥጋ ቅንጣት ግን ለሌላ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ ይህ እባጭ የሚያድገው ኤስትሮጅን በተባለው የሴቶች ሆርሞን እየተመገበ ነውን? መልሱ አዎ ከሆነ ለአንዲት አሮጊት ከዚህ የሚሻል ዜና የለም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነቀርሳ በአብዛኛው ዝግ ብሎ የሚሄድ ከመሆኑም ሌላ፣ በቀን አንዲት ፍሬ ኪኒን ልጓም ሊያስገባለት ይቻላል። ሴቶች በዕድሜ በገፉ መጠን ይህ ዓይነቱ እየበዛ ይሄዳል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰባን ካለፉት ታማሚዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል የዚህ ወገን ናቸው። በጥቁር አንበሳ በተመረመሩት በአብዛኛው ወጣት በሆኑት ሴቶች ዘንድ እንኳ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

የኪኒኗ ታሪክ ከቀዶ ሐኪም ቢላ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎ ሐኪም፣ እንቁላል የሚያፈሩትን ዕጢዎች ሲያወጣላት የአንዲት ሴት የጡት ነቀርሳ እንደ ሟሟ ገለጸ፤ በጡትና በማሕፀን አካባቢ መካከል ምን ዓይነት መልእክተኛ እንደሚመላለስ ገና አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የእንግሊዝ መድኃኒት ሠሪዎች ወሊድ መከላከያ ፍለጋ ላይ ሳሉ፣ በኋላ ታሞክሲፌን የተባለውን ቅመም ሠሩ፤ ለወሊድ መከላከያነት አልበጃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሜሪ ኮል የተባለች የማንችስተር ሐኪም ነቀርሳቸው ለጠናባቸው 46 ሴቶች ሰጥታ ዐሥሩ መሻሻላቸውን ጻፈች፤ ለአንዱ ያልሆነው ለሌላው ሆነ። አሠራሩም በድግስ ቤት እንደምናየው ነው፤ ለታላቁ እንግዳ የተዘረጋው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ሲቀመጥበት እንግዳው ቆሞ ይመለሳል፤ ታሞክሲፌንም በሕዋሱ ላይ ያለውን የኤስትሮጅንን ወንበር ይዞ ሆርሞኑን ያስቆመዋል። ሴት ካረጠችም በኋላ ሆርሞኑ ከስብ በጥቂቱ ስለሚመነጭ ወንበሩን መያዝ ያስፈልጋል። በቀን 20 ሚሊግራም፣ ለአምስት ዓመት በተከታታይ የወሰዱት ሴቶች፣ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በረዥም ጊዜ ቆጠራ በሲሶ ያህል ቀንሷል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የደም መርጋትንና የማሕፀንን ነቀርሳ አልፎ አልፎ ሊያስከትል ስለሚችል ግን፣ እግሯ ያበጠባት ወይም ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ፈጥና እንድትመጣ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

እንግዲህ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ ከቢላ ማዳን አይቻልምን? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ሰባን ባለፉ ሴቶች ላይ ለዓመታት ተመርምሮበታል፤ ደካማ ለሆነችውና ቀሪ ዘመኗ አጭር ለሆነባት ኪኒኑ ብቻውን በቂ ሊሆን እንደሚችል፣ ለጠነከረችው ግን እባጩን ቆርጦ ማውጣት እንደሚሻል ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ኪኒኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉልበቱን ሲያጣ፣ እባጩ በዚያ ጊዜ ከበረታው እርጅና ጋር ተባብሮ ይነሣል። ወጣቱ ሐኪም ይህን ለልጆቹ በራሱ መንገድ አስረዳቸው፦ «ውኃ የሚቀዱ ሴት ናቸው፤ እንቆርጣለን። አልጋ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ነገር እነግራችሁ ነበር።»

የከበደው ሙግት ከዚያ በኋላ መጣ። ልጁ ለሕክምናው ወጪ ብሎ ለጊፋታ የሚታረደውን በሬ ድርሻ ሊሸጥ አሰበ፤ እናቲቱ ግን «ለአሮጊት ተብሎ የልጆች በዓል አይሸጥም» ብለው እምቢ አሉ። ወላይታን የማያውቅ አንባቢ ይህ እምቢታ ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባው ይሆናል። ጊፋታ በመስከረም የሚገባ የዘመን መለወጫ ነው፤ የቤቱ አባወራ ዓመቱን ሙሉ ከማኅበርተኞቹ ጋር ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመው ገንዘብ በዚያ ቀን ሥጋ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ቂም ይታረቃል፤ የተበተነ ዘመድ ይሰበሰባል። «ጊፋታ ይለፍና እመጣለሁ» አሉ። ሐኪሙ ፊቱ ጠቆረ፤ «ይለፍና» ካሉት ብዙዎቹ ሳይመለሱ መቅረታቸውን ያውቃልና። ልጅቱ ግን በሹክሹክታ «እኔ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ» አለችው፤ በጊፋታ ሦስተኛ ቀን ይዛቸው መጣች። ወጪው ከበሬው ሳይሆን ከጓሮ ባሕር ዛፍ ወጣ፤ እንጨቱን የመረጡት እናቲቱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ውጥን፣ ታማሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ያሳስባል፤ የድርጅቱ ጠበብት ቀኑን ሲቆጥሩ የጊፋታን በሬ አስበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሶዶ ለቀዶ ሕክምና እንግዳ አይደለችም። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ሲደርሱ የጀመሩት ሕክምና በኦቶና ሥር ሰድዶ፣ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኗል፤ የአገሩ ሰው አሁንም ኦቶና ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አፍሪካውያን ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ስለዚህ አንድን ጡት ከብብት ንፍፊት ጋር ማውጣት በዚች ከተማ በየጊዜው የሚሠራ ሥራ ነው፤ ለአረጋውያትም ከሆድ ቀዶ ሕክምና ይልቅ እጅግ የቀለለ ነው፤ አንጀትም ሳንባም አይነካምና። እናቲቱ በማግሥቱ ተነሥተው የቡና ቅጠል ጠጡ፤ በጎናቸው የተንጠለጠለችውን ፈሳሽ መቀበያ ላስቲክ እንደ መቀነት ከወገባቸው አሥረው በዋርዱ መካከል ሲመላለሱ፣ ለሌሎች አስታማሚዎች ትዕዛዝ ይሰጡ ነበር።

ለነርሷ የከበዳት ነገር ሌላ ነው። ንፍፊቱ የወጣለት ክንድ ፈሳሽ እያቆረ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ክንዱን በቀስታ እያንቀሳቀሱ ማለማመድ፣ ከባድ ሸክምና ቁስል ግን መከላከል ያሻል። «ከባድ ሥራ አይሥሩበት» አለቻቸው። እናቲቱ ግራ ክንዳቸውን አይተው «እንሰት ማን ይፍቃል?» አሉ። እንሰት መፋቅ ማለት ሴቲቱ መሬት ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በተጋደመ ጣውላ ላይ በእግሯ ተረከዝ ወጥራ፣ መፋቂያውን በክንዷ ኃይል ከላይ ወደ ታች እየሳበች ለሰዓታት መዋል ነው፤ የወላይታ ቤት የሚቆመው በዚች ክንድ ነው። የማገገሚያ መጻሕፍት ስለ መዋኘትና ስለ ቴኒስ ይጽፋሉ እንጂ ስለ እንሰት አንድ መሥመር የላቸውም። ነርሷ ጥቂት አሰበችና «በቀኝዎ ይፋቁ፤ በግራዎ ያዙ፤ ሲደክምዎት ለልጅ ልጅዎ ያስተላልፉ» አለቻቸው፤ ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፈ ምክር ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ መስሎኛል።

ከቀዶው በኋላ ኬሞና ጨረር ይከተላሉን? እዚህ ላይ በሩቅ አገር የተገኘ ጥበብ ሳይመዘን ሲገባ የሚያስከትለውን ስሕተት ማሳየት እወዳለሁ። ስድሳ አምስትን ያለፉ 1,326 ሴቶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2023 የዐሥር ዓመት ውጤቱ የታተመው የብሪታንያውያን ጥናት፣ ጨረር የተተወላቸው ሴቶች ጨረር ከተሰጣቸው እኩል እንደ ኖሩ፣ ነቀርሳው ግን በዚያው ጡት ላይ በግልጽ በዝቶ እንደ ተመለሰባቸው አሳይቷል። አንድ ሰው ይህን ጠቅሶ «አሮጊት ጨረር አያሻትም» ቢል ትልቅ ስሕተት ይሠራል፤ የእነዚያ ሴቶች እባጭ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ንፍፊት ያልነካና ሆርሞን የሚመገብ ነበረና። የሎሚዋ ባለቤት ከእነርሱ ወገን አይደሉም። ለብሪታንያውያቱ ጨረሩ የቀረው ሊቃውንት መርምረው ስለ ወሰኑ ነው፤ ለእኛ አረጋውያት የሚቀረው በርቀት ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሌሎችም ቢጨመሩም ወረፋው አሁንም በወራት ይቆጠራል፤ ታካሚዋም ለሳምንታት በየቀኑ መመላለስ አለባት። አዲስ አበባ ላይ ማን ጋ ታድራለች? ልጁን በደም ነቀርሳ ያጣ አባት በ1996 ዓ.ም. የመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከየክልሉ ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀቱ የዚህን ችግር ክብደት ይመሰክራል።

በኬሞም ነገሩ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አሜሪካዊ ጥናት፣ ስድሳ አምስትን ካለፉ 633 ሴቶች ግማሹን በተለመደው ጠንካራ ኬሞ፣ ግማሹን ለአረጋውያን ይቀላል በተባለ ኪኒን አክሞ፣ ቀላሉን ያገኙት በበሽታው መመለስም በሞትም ረገድ በግልጽ የከፋ ዕድል እንደ ገጠማቸው ደረሰበት። ልብ የደከመባትን በቀዩ የኬሞ መድኃኒት ማስጨነቅ ግን ሌላ በደል ነው። በመካከሉ ያለውን ጠባብ መንገድ የሚያሳየው ያ የጀሪካን ጥያቄ ነው። የእኛይቱ እናት ኬሞውን ሰምተው፣ ጥቅሙና ሥቃዩ ተነግሯቸው፣ እርሳቸው ራሳቸው ተዉት፤ ሐኪሙም አልተቈጣም። የአዲስ አበባው መልስ እባጩ ሆርሞን የሚመገብ መሆኑን ይዞ ሲመጣ ታሞክሲፌን ተጀመረላቸው።

ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንዲት ፍሬ መዋጥ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሴትዮዋ ድናለች፤ ቁስሉ ሽሯል፤ የሚያም ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ በግሉ መግዛት ግድ ነው፤ የጤና መድን ካርዱም ያን ጊዜ አይረዳም፤ ትኩሳት የመሰለ ወላፈን ደግሞ ሌሊት ያነቃታል። ስለዚህ ብዙዎች በመንገድ ያቋርጡታል። በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ 8 ሆስፒታሎች ተካፋይ የሆኑበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ነርስ ታማሚዎችን ስታስተምርና ቀጠሮ ያለፈባቸውን ስትጠራ፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱት በግልጽ እንደሚበዙ አሳይቷል። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ገጠር ሆስፒታል የታከሙ ሴቶች ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከግማሽ እጅግም አለመብለጣቸውን፣ በሀብታሞቹ አገሮች ግን ከመቶ ዘጠናው አምስት ዓመትን መሻገራቸውን ላሰበ ሰው፣ የአንዲት ነርስ ስልክ ጥሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

በታኅሣሥ ወር ሶዶ ስመለስ እናቲቱን በቀጠሯቸው ቀን አገኘኋቸው። ኪኒኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው በደብተሯ ላይ ለየቀኑ አንድ መሥመር ታሰምርላቸዋለች፤ ደብተሩንም ለሐኪሙ ሊያሳዩ ይዘውት መጥተዋል፤ ሁለት ቀን ብቻ ባዶ ነው፤ የለቅሶ ቀን ነበር አሉ። ካርዳቸው ግን በዝናብ ርሶ ተቦጫጭቆ ስለ ነበረ አዲስ ሊወጣላቸው ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ጸሓፊው ሌላ ሰው ነው። ዕድሜ ሲጠይቅ፣ ልጁ እኅቱ አብራው አለመምጣቷን በዓይኑ አረጋግጦ «ስድሳ አራት» አለ፤ ጸሓፊውም ጻፈ። እናቲቱ የዚህን ጊዜ ቁጥሩ ገባቸው፤ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ እየሳቀ ተረጎመልኝ፦

«ከጡቴ ጋር ስድስት ዓመት ቆረጡልኝ፤ ሌላውን ግን አልሰጣቸውም ትላለች።»

«ቀጥሎ!» አለ ጸሓፊው።